አግራን በሁለት ቀን፦ ታጅ ማሃልን በሰዓቱ ማግኘት

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ሕንድ የሚደርስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለጉብኝት ብሎ አይነሳም። ታማሚ ይዞ ነው፣ ልጁ እዚያ ስለሚማር ነው፣ አለዚያም ዕቃ ሊያይ ነው። የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ሁለት ቀን ክፍት ይሆናል፤ ያኔ «እዚህ ድረስ መጥቶ ታጅ ማሃልን ሳያዩ መመለስማ!» ይባላል። አግራ ከደልሂ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ሐሳቡ ልክ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ቀንና ሰዓት ሳይቆጥሩ ሲነሱ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

መጀመሪያ ዓርብን ሰርዙ። ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው። ግቢው ውስጥ ያለው መስጊድ ለጁምዓ ይከፈታል፣ ግን ለከተማው ነዋሪ ብቻ፤ «ሙስሊም ነኝ፣ ልሰግድ ነው» ብሎ መግባት አይሠራም። ጁምዓ አግራ ላይ ከዋላችሁ ከቀዩ የአግራ ግንብ አጠገብ ያለው ጃማ መስጊድ አለላችሁ፤ ታጅን ያሠራው የንጉሡ የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ያሠራችው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1648 ያለቀ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው)። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ደሴ ላይ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፣ እዚያ ግን ወደ ምዕራብ። ሆቴል ክፍል ውስጥ በልማድ ዞሮ መስገድ ያሳስታል።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሕንድ ከኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፤ የባቡር ትኬቱም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፋል። 08:10 ማለት በኛ አነጋገር ጠዋት 2:10 ነው፣ 17:50 ደግሞ ምሽት 11:50። «ስምንት ሰዓት» ብሎ አንብቦ ከምሳ በኋላ ጣቢያ የሚደርስ አይጠፋም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ በኛ አነጋገር፣ በሕንድ ሰዓት ነው።

ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ የካቲትን ምረጡ። ጥቅምትና ኅዳርም አየሩ ደህና ነው፣ ግን ያኔ የደልሂ ጢስ ደረት ይይዛል። ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር ጉም ነው። የደሴ ሰው ጉም አይፈራም፤ የአግራው ግን እንደ ጦሳ ጉም ፀሐይ ስትወጣ ሁልጊዜ አይገፈፍም፤ በሩ ስር ቆማችሁ ጉልላቱን ላታዩት ትችላላችሁ፣ ባቡሩም በሰዓታት ይዘገያል። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሚሌን የለመደ ሾፌር እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ እንደኛው ክረምት ነው።

ከአገር ሳትወጡ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን አረጋግጡ። ክትባቱ ሕንድ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት፤ ካርድ የሌለውን ኤርፖርት ላይ እስከ 6 ቀን ለይተው ሊያቆዩት ይችላሉ። የሁለት ቀን ክፍተት ያለው ሰው ይህን አይችለውም።

ከደልሂ መውጣት

ባቡር ከመኪና ይሻላል። ከሐዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ የሚነሳው ጋቲማን ኤክስፕረስ ጠዋት 2:10 ወጥቶ 3:50 አግራ ካንት ይገባል፤ ማታ 11:50 ላይ ከአግራ ይመለሳል። ዓርብ አይሠራም። ከኒው ደልሂ ጣቢያ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳው ሻታብዲም አለ፣ 2 ሰዓት አካባቢ ያደርሳል። የጉዞ ሰሌዳ ስለሚለወጥ ከመግዛት በፊት አንድ ጊዜ እዩ። ኒው ደልሂ ጣቢያ በፓሃርጋንጅ በኩል ፎቁ ላይ ለውጭ ዜጋ ትኬት የሚቆርጥ የመንግሥት ቢሮ አለ፤ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ነው። በመንገድ «ቢሮው ተዘግቷል፣ እኔ ላሳይህ» የሚል ሰው ይገጥማችኋል። ቢሮው አልተዘጋም፤ ሰውየው ደላላ ነው።

አግራ ከአንድ በላይ ጣቢያ አላት፤ መውረጃችሁ አግራ ካንት የሚለው ነው። ከዚያ ባጃጅ ትይዛላችሁ። «ባጃጅ» ካላችሁ ግን የፋብሪካውን ስም ነው የጠራችሁት፤ እነሱ «ኦቶ» ይሉታል። ዋጋ ስትነጋገሩ ሦስት ነገር አስረግጡ፦ ሒሳቡ ለሁላችሁ መሆኑን (ስትደርሱ «በሰው ነው» የሚል አለ)፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ሱቅ እንደማይቆም። ቁጥሩን ስልክ ላይ ጽፋችሁ አሳዩት። ሹፌሩ ወደ እብነ በረድ ሱቅ የሚጎትታችሁ ኮሚሽን ስላለው ነው፤ የኮሚሽኑ ገንዘብ ደግሞ ከናንተው ኪስ ይወጣል። ከ2024 ጀምሮ ከታጅ ምሥራቅ በር ተነስቶ በግንቡ በኩል የሚያልፍ ሜትሮ ስላለ በሁለቱ መካከል ለመመላለስ ከማንም ጋር መከራከር አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ፦ ከወንዙ ማዶ

ብዙ ሰው እንደደረሰ ወደ ታጅ ይሮጣል። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው፤ የመጀመሪያውን ከሰዓት ያሙና ወንዝን ተሻግራችሁ ኢቲማድ ኡድ ዳውላ የሚባለውን መቃብር እዩ። ኑር ጃሃን የተባለችው ንግሥት ከ1622 እስከ 1628 ለአባቷ ያሠራችው ነው። ታጅ ውስጥ የተቀበረችው የሻህ ጃሃን ሚስት ሙምታዝ ማሃል የኚህ ሰው የልጅ ልጅ ናት፤ ነጩን እብነ በረድ በቀለም ድንጋይ የመለበጡ ጥበብ በሙሉ ሕንፃ ላይ የተሞከረውም እዚህ ነው። ሰው አይጋፋም፣ ግድግዳው አፍንጫችሁ ሥር ነው። አንዷን አበባ ምረጡና ተጠጉ፦ እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው የተቆረጠ ድንጋይ ነው፤ የጥላውን ቦታ በቀለም ሳይሆን ጠቆር ባለ ሌላ ድንጋይ ሞልተውታል። ነጩ ድንጋይ በቅርጹ ልክ ተቦርቡሮ ስንጥሩ ተገጥሞበታል፤ መጋጠሚያው በዓይን አይለይም። ይህን አይታችሁ ታጅ ስትገቡ ምን እንደምታዩ ታውቃላችሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ መህታብ ባግ ዝለቁ፤ ታጅን ከጀርባው፣ ወንዙን አስቀድሞ የሚያሳይ የአትክልት ቦታ ነው። ዓርብም ክፍት ስለሆነ ቀን ለተሳሳተ ሰው መጽናኛው ይኸው ነው።

ማለዳ፦ ታጅ

ማደሪያችሁ ታጅ ጋንጅ ሰፈር ይሁን፤ በእግር ትደርሳላችሁ። በሩ የሚከፈተው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ማኅሌት ለቆመ ወይም ሱብሂ ለሰገደ ሰው ይህ መቼም ማለዳ አይባልም። የምትሰለፉት ለምሥራቁ ወይም ለምዕራቡ በር ነው፤ የደቡቡ ለመውጫ ብቻ ነው። የቀን ሰዉ ከባቡር ወርዶ የሚጎርፈው በምዕራቡ ስለሆነ ምሥራቁ ይቀላል። የወንድና የሴት ፍተሻ ይለያያል፤ ባልና ሚስት ትኬታቸውን ተከፋፍለው ይያዙ፣ አለዚያ አንዱ ውስጥ አንዱ ውጭ ይቀራል።

ለውጭ ዜጋ መግቢያው 1,100 ሩፒ ነው፣ ወደ መቃብሩ ለመውጣት ተጨማሪ 200። ላሊበላ ላይ ፈረንጁ ከኛ ብዙ እንደሚከፍለው ማለት ነው፤ እዚህ ፈረንጁ እናንተ ናችሁ። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ዋጋው ስለሚሻሻል ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በኢንተርኔት ከገዛችሁ የመስኮቱን ሰልፍ ታመልጣላችሁ። ትኬቱ የሚያገለግለው ለሦስት ሰዓት ነው።

ወደ ውስጥ የሚገባው ስልክ፣ ካሜራ፣ ውሃና ቦርሳ ካለ ትንሿ ብቻ ናት። ምግብ፣ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ቢላ፣ ቻርጀር፣ ትራይፖድ ይመለሳል። የሚያስመልሳችሁ ዕቃ ከተገኘ ማስቀመጫው በር አጠገብ ቢሆንም ሰልፉን እንደገና ትጀምራላችሁ፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት ደግሞ የማለዳዋን ብርሃን ትበላለች። መኪናና ባጃጅ በ500 ሜትር ውስጥ አይደርስም፣ ጢሱ ድንጋዩን ስለሚያበልዘው፤ በእግር ወይም በኤሌክትሪክ ጋሪ ነው።

ከትልቁ ቀይ በር በታች ቁሙ። በቅስቱ ዙሪያ የተጻፈው ሱረቱል ፈጅር ነው። ፊደሉን ከታች እስከ ላይ ተከተሉት፦ አንድ መጠን ይመስላል፣ ግን ላይኛው ይበልጣል። ጸሐፊው አማናት ኻን ከታች ለሚያይ ዓይን አስቦ ወደ ላይ ሲወጣ ፊደሉን እያሳደገ ነው የሄደው። በዋናው መቃብር ቅስቶች ዙሪያ ደግሞ ያሲን አለ፤ ያሲን የቀራ የወሎ ልጅ ከብዙው ጎብኚ ቀድሞ ያነበዋል።

ከዚያ አትክልቱን ይዛችሁ ቀጥታ አትሩጡ፤ ሁሉም መሃል ላይ ፎቶ ሲጋፋ እናንተ በቀኝ በኩል ዙሩ። ከመቃብሩ ግራና ቀኝ ሁለት ቀያይ ሕንፃዎች አሉ። የግራው መስጊድ ነው። የቀኙ «ጃዋብ» ይባላል፣ መልስ ማለት ነው፤ ሚዛን ለመጠበቅ የተሠራ መንትያ እንጂ መስጊድ አይደለም፣ ቂብላው ስለማይገጥም። ጠዋት ጃዋቡ ጋ ብትቆሙ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና የምሥራቁን ገጽ ታበራላችኋለች። አራቱን ሚናሮች ከዚህ እዩአቸው፤ ወደ ውጭ ትንሽ ዘመም ይላሉ፣ ቢወድቁ መቃብሩ ላይ እንዳይወድቁ።

ወደ መቃብሩ ለመውጣት የጫማ መሸፈኛ ይሰጣል። ጫማ ማውለቅ የሚመርጥ ካልሲውን አያውልቅ፤ ነጩ እብነ በረድ ቀትር ላይም ይረገጣል፣ ቀዩ ድንጋይ ግን እንደ ምጣድ ይግላል። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። መሃል ያለው መቃብር የሙምታዝ ነው፤ በ1631 14ኛ ልጇን ስትወልድ ሞታ ግንባታው በ1632 ተጀመረ። ከጎኑ ያለው የሻህ ጃሃን ተለቅ ያለ ነው፣ በዚህ ሁሉ ሚዛን መሃል ከሚዛን የወጣውም እሱ ብቻ ነው። ሁለቱም ምልክት ናቸው፤ አስከሬኑ ያለው ከሥር፣ ዝግ በሆነው ክፍል ነው።

በጨረቃ ማየት የሚፈልግ ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊትና ከፊትና ከኋላዋ ባሉት ሁለት ሁለት ሌሊቶች፣ ከማታ 2:30 እስከ ሌሊት 6:30፣ 50 ሰው በአንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ይገባል። ዓርብና ረመዳን የለም። ትኬቱ ቀድሞ ይገዛል።

ግንቡና ሲክሪ

ከቁርስ በኋላ ግንቡ። የሻህ ጃሃን አያት ንጉሥ አክበር በ1565 ያስጀመረው ነው፣ ዙሪያው 2.5 ኪሎ ሜትር፤ ከፊሉን ጦሩ ስለያዘው የምትገቡት በአማር ሲንግ በር ነው። ከጃሃንጊር ቤተ መንግሥት ፊት ከአንድ ድንጋይ የተቦረቦረ መታጠቢያ አለ፤ ላሊበላን ላየ ሰው አይገርምም ይሆናል፣ ግን እዩት። ከዚያ በወንዙ በኩል ወዳለው ሰገነት ሂዱ። ሻህ ጃሃን ከ1658 ጀምሮ እስኪሞት ስምንት ዓመት በልጁ በአውራንግዜብ የታሰረው እዚህ ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው ታጅን ነው። ታጅን አይታችሁ የመጣችሁ ከሆነ ብቻ ነው ይህ መስኮት ትርጉም የሚኖረው። ጦጣዎቹ ሙዝ ያሸታሉ፤ ምግብ በፌስታል አትያዙ፣ አተኩራችሁም አትዩአቸው።

ግማሽ ቀን ከተረፈ ፋቴህፑር ሲክሪ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ አውቶቡሱ ከኢድጋህ መናኸሪያ ይነሳል። ወራሽ ያጣው አክበር ሼኽ ሳሊም ቺሽቲ ደጅ ሄዶ፣ በ1569 ልጅ ሲወለድለት በስማቸው ሳሊም አለው፤ በ1571ም ከተማውን እዚያው መሠረተ። ጀማ ንጉሥ ወይም ዳና ዝያራ ለወጣ ሰው ይህ ታሪክ አስተርጓሚ አያሻውም፤ በሼኹ ነጭ መቃብር ወንፊት ላይ የታሰረው ክርም የስለት ነው። መስጊዱና መቃብሩ ነጻ ናቸው። «ጨርቅ ገዝታችሁ አልብሱ፣ ግዴታ ነው» የሚላችሁ ነጋዴ ነው። 54 ሜትር የሚሆነውን የመስጊዱን ትልቅ በር፣ ቡላንድ ደርዋዛን፣ ከደረጃው ሥር ቀና ብላችሁ እዩት። የአክበር መቃብር ሲካንድራም ደህና ነው፣ ግን ሁለት ቀን ብቻ ያለው ቢዘለው አይጎዳም።

ስለ ምግብና ዕቃ

«ፒዩር ቬጅ» የሚል ምግብ ቤት ያየ ጾመኛ አይቸኩል። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም ማለት ነው እንጂ ቅቤና እርጎ ሞልቷል፤ የታሸገ ምግብ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብም እንደዚያው። ዳል፣ የኛ የክክ ወጥ ዘመድ፣ ከሮቲ ጋር አዝዛችሁ «ቢና ጊ»፣ ያለ ቅቤ በሉ። ሻሂያቸው በወተት የተፈላ ነው። ሐላል የሚፈልግ ጃማ መስጊድ አካባቢ ያገኛል። በዚያ ክልል ላም ማረድ በሕግ ክልክል ነው፤ ቁርጥ የለመደ ሰው አግራ ላይ ስለ በሬ ሥጋ አያንሳ።

እብነ በረድ ነው ብለው የሚሸጡት ብዙው ለስላሳ የሳሙና ድንጋይ ነው። ጀርባውን በሳንቲም ጫሩት፤ ነጭ ዱቄት ከወጣ አስቀምጡት። የስልክ መብራትም ከሥር አብሩበት፣ ስስ እብነ በረድ ብርሃን ያሳልፋል። ዋጋው ላይ ባቲ ሰኞ ገበያ እንደምትከራከሩት ተከራከሩ፤ ዞር ስትሉ ይጠራችኋል።

ለቤተሰብ የሚወሰደው ፔታ ነው፣ ከነጭ ዱባና ከስኳር የሚሠራ ጣፋጭ። ደረቁን ግዙ፤ ሽሮፕ ውስጥ የተነከረው ኮምቦልቻ ሳይደርስ ሻንጣ ውስጥ ይፈስሳል።