የድሮውንና የአሁኑን የጃፓን ሬስሊንግ ስናወዳድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጃፓን ሬስሊንግ ወሬ ሲነሳ ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው «ሬስሊንግ ማለት የ90ዎቹ ነበር፣ የአሁኑ ሰርከስ ነው» ይላል። ሌላኛው «የድሮው ዘገምተኛ ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል» ብሎ ይዘጋዋል። የኔ ልብ ከድሮው ጋር ነው። በተለይ ከ1990 እስከ 1997 ድረስ ያለውን ኦል ጃፓን የተባለውን ድርጅት የሚያህል አላየሁም። ግን ሁለቱም ወገን ሲከራከር የሚደጋግማቸው ስህተቶች አሉ፤ እነሱን ካላስወገድን ክርክሩ ሁልጊዜ እዛው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«የድሮው እውነተኛ ነበር፣ የአሁኑ የውሸት ነው» ማለት

የድሮውም የአሁኑም ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። በ1954 የጃፓን ሬስሊንግ አባት የሚባለው ሪኪዶዛን ከአሜሪካ ከመጡት የሻርፕ ወንድማማቾች ጋር ሲገጥም፣ ሕዝቡ አደባባይ ላይ በቆሙ ቴሌቪዥኖች ዙሪያ ተጠቅጥቆ እየጮኸ ሲያይ፣ ያኔም ሬስሊንግ ሬስሊንግ ነበር። በ80ዎቹ «እኛ ትክክለኛውን ፍልሚያ ነው የምናሳየው» ብሎ የመጣው ዩ ደብሊው ኤፍ የተባለ ድርጅት እንኳን እርግጫውን አጠንክሮ፣ የገመድ ሩጫውን አስቀርቶ፣ ውጤቱን ግን እንደበፊቱ ተስማምቶ ነው የሚገባው።

እውነተኛ ፍልሚያ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ጁን 26 ቀን 1976 ቶኪዮ ውስጥ ባለው ቡዶካን አዳራሽ የተደረገውን የጃፓናዊውን ታጋይ የአንቶኒዮ ኢኖኪንና የቦክሰኛውን የመሐመድ አሊን ግጥሚያ ይመልከት። 15 ዙር ነው። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ይረግጣል፣ አሊ ደግሞ ቆሞ «ተነስ!» እያለ ይዞረዋል። ቡጢ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በአቻ ውጤት አለቀ፣ ተመልካቹ ተናደደ፣ አሊ እግሩ አብጦ ሆስፒታል ገባ።

ያልተወሰነው ነገር ሌላ ነው። ሕመሙ። በ2005 ቶኪዮ ዶም ውስጥ ኬንታ ኮባሺና ኬንሱኬ ሳሳኪ ፊት ለፊት ቆመው ደረት ለደረት በእጃቸው ጎን ሲማቱ፣ ከመቶ በላይ ምት ተቀባብለው ቆዳቸው ደም መስሎ ሲቀላ፣ እሱን ማንም ወረቀት ላይ ጽፎ አላቀለለላቸውም።

በአሜሪካው መለኪያ መለካት

አብዛኞቻችን ሬስሊንግን ያወቅነው በአሜሪካኑ ደብሊው ደብሊው ኢ ነው፤ በአንደርቴከር፣ በጆን ሲና። ስለዚህ ጃፓኑን ስንከፍት የምንጠብቀው ያንኑ ነው፦ ማይክ ይዞ የሚፎክር ሰው፣ ክህደት፣ ፍቅር፣ አለቃ የሚያባርረው ታጋይ። እሱን እዛ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ጃፓኖች ታሪኩን የሚያወሩት በግጥሚያው ውስጥ ነው። ወሬው በጋዜጣዊ መግለጫ ያልቃል፤ የቀረውን ክርንና አንገት ይናገራል። ኒው ጃፓን የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀው ጂ ዋን ክላይማክስ ውድድር ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ የሚወደደው ለዚህ ነው። ታጋዮቹ በምድብ ተከፍለው እንደ እግር ኳስ ነጥብ ይሰበስባሉ፣ ድካሙም ጉዳቱም ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ይሸጋገራል።

«የድሮው ጃፓን» የሚባል አንድ ነገር ያለ መምሰል

ኢኖኪና ጃያንት ባባ ሁለቱም የሪኪዶዛን ተማሪዎች ናቸው፣ ሁለቱም በ1972 የየራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ፣ ከዛ በኋላ ግን ሆድና ጀርባ ነው የሆኑት። ኢኖኪ በኒው ጃፓን «የኛ ሬስሊንግ ከሁሉም የፍልሚያ ዓይነት በላይ ነው» ብሎ ከጁዶ ሰውም ከቦክሰኛም ጋር ገጠመ። ባባ ቁመቱ 2 ሜትር ከ9 ሳንቲም የሆነ የቀድሞ ቤዝቦል ተጫዋች ነው። እሱ በኦል ጃፓን የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፦ ትላልቅ የውጭ ታጋዮችን ማምጣት፣ ቀስ ብሎ ማብሰል፣ በኋላም ግጥሚያው በግልጽ አሸናፊና ተሸናፊ እንዲኖረው ማድረግ። ሁለቱን አንድ ላይ አጭቆ «የድሮው ጃፓን እንዲህ ነበር» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የየትኛው?» ብዬ ነው። በ1981 ታይገር ማስክ ከዳይናማይት ኪድ ጋር ሲገጥም ያሳየውን ፍጥነት ዛሬ ብታዩት የዘንድሮ ይመስላችኋል። ዘገምተኛ ነበር የሚለው ወሬ እዛ ላይ ያበቃል።

ቅንጫቢ ቪዲዮ አይቶ መፍረድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የ90ዎቹ ኦል ጃፓን ዛሬ በስልክ የሚዞረው በሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ነው። አንድ ሰው ሌላውን ወደ ኋላ ይጥለዋል፣ የተጣለው በአንገቱ ያርፋል፣ ከስር «ያኔ ወንዶች ነበሩ» ተብሎ ይጻፋል። አለቀ። ግን ያ ውርወራ ከሃያ ሰከንዱ ውጭ ምንም ትርጉም የለውም።

ጁን 9 ቀን 1995ን ውሰዱ። ቦታው ቡዶካን ነው። በአንድ በኩል ሚትሱሃሩ ሚሳዋና ኮባሺ፣ በሌላ በኩል ቶሺያኪ ካዋዳና አኪራ ታኡኤ። ሚሳዋና ካዋዳ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ ሚሳዋ በአንድ ዓመት ይቀድመዋል። መጀመሪያ ጎን ለጎን ነበሩ፣ ኋላ ተለያዩ። ካዋዳ ከዓመት በፊት ጁን 3 ቀን 1994 ለሻምፒዮንነቱ ከሚሳዋ ጋር ገጥሞ ተሸንፏል። ካዋዳ እስከዛች ማታ ድረስ የሚሳዋን ትከሻ መሬት አስነክቶ ሦስት አስቆጥሮ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።

ኮባሺ አንድ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ነው የገባው። ካዋዳና ታኡኤ እግሩን ያገኙታል፣ አይለቁትም። ሰዓቱ ከአርባ ደቂቃ ሲያልፍ ኮባሺ መቆም አይችልም። ሚሳዋ ወድቋል፣ ሁለቱ ሊጨርሱት ነው። ኮባሺ ምን አደረገ? መምታት ስላልቻለ እየተሳበ ሄደና በሚሳዋ ላይ ተኛበት። በሰውነቱ ሸፈነው። ያነሱታል፣ ይረግጡታል፣ እንደገና ይመጣል። በመጨረሻ ገለል አደረጉት፣ ካዋዳ ሚሳዋን ወደ ላይ አንስቶ መሬት ላይ ጣለው፣ ዳኛው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

እኔ ሁልጊዜ የሚያስለቅሰኝ የኮባሺ መተኛት ነው። ምት አይደለም፣ ዝላይ አይደለም። በሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ደግሞ አንድም ቀን አይታይም፣ ምክንያቱም ለብቻው ሲታይ አንድ ሰው ሌላ ሰው ላይ ተኝቶ ነው።

ዝም ያለ ተመልካች ሰልችቶታል ብሎ ማሰብ

አልሰለቸውም፣ እያየ ነው። የጃፓን ተመልካች መጀመሪያ ላይ ዝም ይላል፣ የእጅ አያያዝ ያያል፣ ጥሩ ነገር ሲያይ ያጨበጭባል። ሲሞቀው ወለሉን በእግሩ ይመታል፣ የታጋዩን ስም በአንድ ድምፅ ይጠራል። ስም ሲጠራ ባለቀለም የወረቀት ጥቅልል ወደ ሪንጉ ይወረውራል። ዝምታው ከሌለ ኋላ የሚመጣው ጩኸት ያን ያህል አይከብድም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ከ2020 እስከ 2022 ባለው የኮሮና ጊዜ አዳራሽ ውስጥ መጮህ ተከልክሎ ጭብጨባ ብቻ ነበር የተፈቀደው። የዛን ጊዜ ግጥሚያዎች በድምፃቸው አይታችሁ «የአሁኑ ሬስሊንግ ነፍስ የለውም» ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ታጋዮቹ ለሰው ልጅ ድምፅ ተርበው ነው የሠሩት።

የአሁኑን ሁሉ «ዝላይ ብቻ» ብሎ መጣል

ይሄ የኛ የድሮ ወዳጆች ስህተት ነው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2012 ኦሳካ ላይ ካዙቺካ ኦካዳ የሚባል የ24 ዓመት ልጅ ከአሜሪካ ተመልሶ መጥቶ ሂሮሺ ታናሃሺን አሸነፈ፣ ማንም አልጠበቀውም። ከዛ ሁለቱ ለዓመታት ተፈላለጉ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2015 ቶኪዮ ዶም ላይ ኦካዳ ተሸንፎ ያንን ረጅም መውጫ መንገድ እያለቀሰ ሄደ። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው አዳራሽ አሸነፈ። ይህ ከባባ አሠራር በምን ይለያል?

ኬኒ ኦሜጋም እንዲሁ። ተጋጣሚውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ በአናቱ የሚጥልባት አንዲት ምት አለችው፣ ያረፈችበት ሰው አይነሳም ማለት ይቻላል። በጃንዋሪ 2017 ኦካዳን በዚህች ምት ሊጥለው ሞከረ፣ ግጥሚያው ሙሉውን አልተሳካለትም። በጁን 2017 ተሳካለት፣ ኦካዳ ግን እግሩን ገመዱ ላይ አድርጎ አመለጠ፤ 60 ደቂቃ ሞልቶ በአቻ ተለያዩ። በኦገስት 2017 በጂ ዋን ክላይማክስ አሸነፈው፤ ሻምፒዮንነቱን የወሰደበት ግን በጁን 2018 ነው። አንዲትን ምት ለማሳረፍና በሷ ሻምፒዮንነቱን ለመውሰድ ዓመት ከመንፈቅ። ይህን አይቶ «ትዕግሥት የላቸውም» የሚል ሰው አላየውም ማለት ነው።

የአሁኑን የምወቅሰው በሌላ ነገር ነው። ኦካዳና ኦሜጋ በዓመት ተኩል የሠሩትን ነገር ሌሎቹ በተራ የማክሰኞ ዝግጅት በአሥር ደቂቃ ሊያደርጉት ይሞክራሉ። የመጨረሻ የተባለው ምት ያርፋል፣ ሰውየው ዳኛው ሦስት ሳይቆጥር በሁለት ተኩል ላይ ይነሳል። ሌላ የመጨረሻ ምት ያርፋል፣ ይነሳል። ሦስተኛው ላይ እኔ መቁጠር አቆማለሁ። ሚሳዋ ሁለት እጅ ከኋላ ቆልፎ በአናት የሚጥልባትን ታይገር ድራይቨር 91 በጁን 1994 ካዋዳ ላይ ሲያወጣ አዳራሹ የጮኸው እምብዛም ስለማያወጣት ነው። የተቆጠበ ምት ነው የሚፈራው።

ኮከብ ቆጥሮ መጨረስ

አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዴቭ ሜልትዘር ለግጥሚያ ኮከብ ይሰጣል። ድሮ ጣሪያው አምስት ነበር፤ ለኦካዳና ኦሜጋ በ2017 ስድስት፣ በ2018 ሰባት ሰጠ። የአንድ ሰው ስሜት ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ሰባት ከአምስት ስለሚበልጥ 2018 ከ1994 ይበልጣል ብሎ ሒሳብ መሥራት አይሆንም።

ሴቶቹን መርሳት

ድሮና ዘንድሮ እያልን ስንጨቃጨቅ የሴቶቹን ሬስሊንግ እንዘለዋለን፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። በ80ዎቹ ክራሽ ጋልስ የሚባሉት ቺጉሳ ናጋዮና ላዮነስ አሱካ እንደ ዘፋኝ ኮከብ ነበሩ፤ አዳራሹን የሚሞሉት ተማሪ ልጃገረዶች ናቸው። ኦገስት 28 ቀን 1985 ኦሳካ ላይ ቺጉሳ ለዳምፕ ማትሱሞቶ ተሸንፋ ፀጉሯ ሪንግ ውስጥ ሲላጭ ልጆቹ ተቃቅፈው ነው የሚያለቅሱት፤ ከእግር ኳስ ሽንፈት ሳይሆን ከለቅሶ ቤት የመጡ ይመስላሉ። በዛ ላይ እነሱ በሚታገሉበት ድርጅት ሴት ታጋይ በሃያዎቹ አጋማሽ ታቆማለች የሚል ልማድ ነበር። ያን ሁሉ የሠሩት ከዛ ዕድሜ በፊት ነው። ስለ ድሮው ስታወሩ እነሱ ከሌሉበት ግማሹን ነው የምታወሩት።

«ያኔ ጠንካሮች ነበሩ፣ የአሁኖቹ ለስላሶች ናቸው» ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፣ እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ።

ሚሳዋ በ2000 ከኦል ጃፓን ወጥቶ ኖአ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ አንገቱ እየታመመ፣ መታገሉን ቀጠለ። ድርጅቱ የሚታወቀው በሱ ስም ነዋ። ጁን 13 ቀን 2009 ሂሮሺማ ላይ ተራ በምትባል የወደ ኋላ ውርወራ ወድቆ አልተነሳም። ዳኛው አናገረው፣ ግጥሚያው ቆመ፣ በዚያው ማታ ሞተ። 47ኛ ዓመቱን ሊይዝ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ያቺ ውርወራ ከሌሎቹ የከፋች አልነበረችም። ከሷ በፊት ግን ለሃያ ዓመት በአንገቱ ላይ ያረፉ ነበሩ፤ እኛ «ያኔ ወንዶች ነበሩ» እያልን የምንቀባበላቸው።

የአሁኑ ዘመንም ከዚህ ነፃ አይደለም። ኤፕሪል 2017 ካትሱዮሪ ሺባታ ኦካዳን በግንባሩ መታው፤ የግንባሩ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፣ ደም በፊቱ ወረደ። ከግጥሚያው በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ስለዚህ አንድ ታጋይ ዛሬ ተጋጣሚውን በአንገቱ ሳይሆን በትከሻው ሲያሳርፍ ካያችሁ ለስላሳ አትበሉት። ሥራውን አውቆ ነው።

ከመሃል መጀመር

ሰው «የድሮውን አሳየኝ» ሲለኝ መጀመሪያ ላይ የ1994ቱን ነበር የምሰጠው፤ «ጥሩ ነው፣ ግን ምኑ ነው ያን ያህል?» እያለ ይመለሳል። አሁን የምሰጠው ጁን 8 ቀን 1990ን ነው። ሚሳዋ ለዓመታት ለብሶት የነበረውን የነብር ጭንብል ካወለቀ ገና ወር አልሞላውም። ፊት ለፊቱ ያለው ጃምቦ ጹሩታ ነው፤ የሙኒክ ኦሎምፒክ ታጋይ፣ የድርጅቱ ቁጥር አንድ። ልጁ ያሸንፋል ብሎ የሚገምት የለም፣ ሰዉ ግን ከመጀመሪያው «ሚሳዋ! ሚሳዋ!» እያለ ነው። ከሃያ አራት ደቂቃ በኋላ ጹሩታ ትከሻው መሬት ላይ ነው። ያንን ካያችሁ በኋላ ወደ 1994 ሂዱ፣ ከዛ ወደ 1995። ያኔ ኮባሺ ለምን እንደተኛበት ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።