የዳይሬክተሮች እቁብ፦ መምህራንን ስለማነሳሳት እርስ በርስ የምንማማርበት መንገድ

ስለ መምህራኖቻችሁ በግልጽ የምታወሩት ሰው ማን ነው? ምክትላችሁ ነገ ከእነሱ ጋር ሻይ ይጠጣል። ሱፐርቫይዘሩ ነጥብ ይሰጣችኋል። ቤት ገብታችሁ ብታወሩ ደግሞ "ታዲያ ስራውን ለምን አትተወውም" ትባላላችሁ። ድሬዳዋ ላይ ርዕሰ መምህር ሆኜ ስሰራ ከሙቀቱም ከበጀቱም በላይ የከበደኝ ይሄ ነበር። ግንቦት ላይ፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ቆርቆሮው ግሎ፣ መምህሩ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ተማሪው ከሰሌዳ ሲገለብጥ በመስኮት አያለሁ። ምን ልበለው? ብቆጣ ይብሳል። ዝም ብል ነገ ሌላውም ይከተለዋል። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። ስድስት ነን፣ ሁላችንም ዳይሬክተሮች፣ በወር አንዴ እንገናኛለን። የምናወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የመምህሩን ልብ ወደ ክፍሉ እንዴት እንመልስ። እናንተም እንድትጀምሩ ስለምፈልግ የሰራልንንም ያልሰራልንንም እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ሀሳቡ የቆየ ነው። ሬግ ሬቫንስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ስራ አስኪያጆች ከውጭ የመጣ አሰልጣኝ ከመስማት ይልቅ በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው የየራሳቸውን ችግር እንዲጠያየቁ አደረገ። እሱ እንደሚለው መማር ማለት የታወቀ እውቀት ሲደመር ጥያቄ ነው። እውቀቱን ስልጠና ላይ ታገኙታላችሁ። ጥያቄውን ግን በደንብ የሚጠይቃችሁ ያንኑ ሸክም የተሸከመ ሰው ነው።

እኛ ግን ነገሩ ቶሎ የገባን በእቁብ ስናስበው ነው። እቁብ ላይ ሁሉም ያዋጣል፣ እጣ የወጣለት ሙሉውን ይወስዳል። እዚህ የሚዋጣው ጊዜና ጭንቅላት ነው። ባለ እጣው የአምስት ሰው ጭንቅላት ለአንድ ጠዋት ይወስዳል። ሌላው ወር የሌላው ነው። ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ይጀመራል።

ማንን ትጠራላችሁ?

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። እኛ መጀመሪያ የጀመርነው አስራ ሁለት ሆነን፣ በደብዳቤ ተጠራርተን ነበር። የበላይ ኃላፊ መጥቶ ከፈተው፣ አጀንዳ ተያዘ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በሁለተኛው ወር እያንዳንዱ ሰው የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ሲያነብ ዋለ። ሦስተኛው ላይ የመጣነው አራት ነበርን። ያ የሆነው ሰዎቹ ስራ ስለጠሉ አይደለም። ነጥብ የሚሰጥ ሰው በተቀመጠበት ቤት "እኔ አቅቶኛል" የሚል ዳይሬክተር የለም። ስለዚህ ሱፐርቫይዘርም፣ የክፍለ ከተማ ኃላፊም፣ የቱንም ያህል ጥሩ ሰው ቢሆን፣ አትጨምሩ። የሚጠቅም ነገር ስታገኙ ለብቻው ትነግሩታላችሁ።

ከአንድ ሰፈር ብቻም አትሰብስቡ። ከዚራ ያለ ትምህርት ቤት፣ ሳቢያን ያለ፣ እና ገጠር ቢዮ አዋሌ ያለ ትምህርት ቤት ችግራቸው አይመሳሰልም፣ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። የገጠሩ ዳይሬክተር መምህሩ አርብ ከሰዓት ወደ ከተማ ሲወርድ ሰኞ ይመለስ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። የከተማው ደግሞ መምህሩ ሳይሰናበት ወደ ግል ትምህርት ቤት እንዳይሄድበት። ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዱ ለምዶት ማየት ያቆመውን ነገር ሌላው ያይለታል። ከገጠር ለሚመጣው ትራንስፖርቱን እኛ አዋጥተን እንሸፍናለን። አበል የሚባል ነገር ግን አታንሱ፣ አንዴ ከተነሳ ሰው የሚመጣው ለእሱ ይሆናል።

ቋንቋውን ከመጀመሪያው ተነጋገሩበት። እኛ ጋ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ የሚናገር ሰው አለ። ስብሰባው በአማርኛ ነው፣ ግን ሰው ሲጨንቀው በአፉ የመጣለትን ይናገራል፣ ሌላው ያስተረጉማል። የድሬ ልጅ ለዚህ አይቸገርም።

መቼና የት

ቅዳሜ ጠዋት ከ2:30 እስከ 4:30። ፀሐዩ ሳይበረታ። ከሰዓት ሞክረነው አልሆነም፤ ከምሳ በኋላ ከተማው ይቀዘቅዛል፣ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፣ ግማሹ በርጫ ቀጠሮ አለው። ቦታው በየወሩ ይዞራል፣ ባለ እጣው ትምህርት ቤት እንቀመጣለን። ቢሮ ውስጥ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ወንበር ላይ። የቢሮው ጠረጴዛ አንዱን አለቃ ያደርገዋል። ሻሂና ሳምቡሳ ይበቃል። ረመዳን ላይ ሻሂው ይቀራል፣ ሰዓቱም ያጥራል።

እጣው የወጣ ቀን

መጀመሪያ ያለፈው ወር ባለ እጣ አስር ደቂቃ ይናገራል፦ አደርጋለሁ ያልኩት ይሄ ነበር፣ ያደረግሁት ይሄ ነው። ይህን አትዝለሉት። ይህ ካልኖረ ቀሪው ወሬ ነው። ከዚያ አዲሱ ባለ እጣ አስራ አምስት ደቂቃ ችግሩን ያስረዳል፣ ማንም አያቋርጠውም። ቀጥሎ ግማሽ ሰዓት ጥያቄ ብቻ። ምክር የለም። "እኔ ብሆን" የለም። ምክር የሚፈቀደው ጥያቄው ሲያልቅ ነው፣ እሱም ባለ እጣው ከፈለገ። በመጨረሻ ባለ እጣው እስከሚቀጥለው ወር የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገራል፣ ጸሐፊው እሱን ብቻ ይጽፋል።

ከባዱ የጥያቄው ሰዓት ነው። እኛ ሥራችን ማዘዝ ስለሆነ አፋችን ምክር ለምዷል። "ለምን ጠርተህ አላነጋገርከውም?" የሚለው ጥያቄ ይመስላል እንጂ ወቀሳ ነው። አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ።

አንድ ባልደረባችን ስለ አንድ የሒሳብ መምህር አመጣ። አስራ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው። በሰዓቱ ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ከዚያ ውጭ ምንም። የአምናውን እቅድ ቀኑን ቀይሮ ያቀርባል፣ ቲቶሪያል (ተጨማሪ ትምህርት) ልስጥ አይልም። "ተነሳሽነት የሚባል ነገር የለውም" አለን። ሦስታችን ወዲያው ምክር ልንሰጥ ስንል የዕለቱ ዳኛችን፣ ስብሰባውን የምትመራው፣ እጇን አነሳችና "ጥያቄ!" አለች።

አንዷ ጠየቀችው። "እቅዱ ላይ ምን ትጽፍለታለህ?"

"ፊርማና ማህተም ነዋ።"

"ሌላስ?"

ዝም አለ። ሌላው ቀጠለ። "ድሮም እንዲህ ነበር?"

"ኧረ አቦ፣ ድሮማ! የሒሳብ ክበብ ነበረው። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ አንሄድም ይሉ ነበር።"

"ክበቡ ምን ሆነ?"

እዚህ ላይ ብዙ ቆየ። ክበቡ የሚሰበሰብባት ትንሽ ክፍል ከአራት ዓመት በፊት የመጻሕፍት መጋዘን ሆናለች። መምህሩ ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ አገኘ። ማንም ቀድሞ አልነገረውም። ባልደረባችን ያኔ ምክትል ነበር፣ ቁልፉን ያስቀየረውም እሱ ነው። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ሁለቱን ነገር አያይዟቸው አያውቅም ነበር።

በወሩ ተመልሶ ሪፖርት አደረገ። መጻሕፍቱን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አዛውሯል። ለመምህሩ ቁልፉን በእጁ ሰጥቶ "ያኔ ሳልነግርህ ማድረጌ ልክ አልነበረም" ብሎታል። ክበቡ ረቡዕ ረቡዕ ጀምሯል፣ አስራ አንድ ልጅ አለ። ቲቶሪያሉን ግን መምህሩ አሁንም እንቢ እንዳለ ነው። ይኸው ነው። ሁሉም ነገር አልተስተካከለም፣ ግን ሰውየው እቅዱን ዘንድሮ በአዲስ ጽፎታል።

ምን ዓይነት ጉዳይ ይቅረብ?

በእጃችሁ ያለ ጉዳይ። ደመወዝ፣ ቤት፣ የኑሮ ውድነት፣ እነዚህ እውነት ናቸው፣ እኛ ግን አንፈታቸውም። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በፒትስበርግ አካባቢ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሰራተኞችን አነጋግሮ፣ ደመወዝና የስራ ሁኔታ ሲጎድል ሰውን እንደሚያስከፋ፣ ሰውን ለስራ የሚያነሳሳው ግን በዋናነት ስራው ራሱ፣ እውቅና፣ ኃላፊነትና እድገት እንደሆነ አገኘ። አንዳንድ ሰው ይህን ጠቅሶ "ገንዘብ ዋና ነገር አይደለም" ይላል። አትበሉ። የባጃጅ ሂሳብ አጥሮት ከሳቢያን እስከ መጋላ በእግሩ የሚመጣ መምህር ፊት ይህን ማለት ነውር ነው። ከጥናቱ የምንወስደው የደመወዙ ቁልፍ እጃችን ላይ ባይሆንም ሌሎቹ ብዙዎቹ እጃችን ላይ እንዳሉ ነው።

ለምሳሌ የክፍለ ጊዜ ድልድል። በሙቀቱ ሰዓት ያሉት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዎች ለማን ነው የሚደርሱት? እኛ ስንቆጥር ሦስት ትምህርት ቤት ላይ ለአዲስ መምህራን ሆኖ ተገኘ። የደረጃ እድገት ፋይልም አለ፦ መምህሩ "አመልክቼ ቀረ" ሲል ፋይሉ ከኛ መሳቢያ ወጥቷል ወይ? በስብሰባ ላይ በስም መውቀስ፣ አዲስ መምህር የመጣ ቀን ማን ተቀበለው የሚለው፣ ክፍል ገብተን ካየን በኋላ ምን እንደምንል፣ ሁሉም በእጃችን ናቸው። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቀው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም እንዲሁ፤ ብዙ ቦታ ፎርም መሙያ ሆኗል፣ መምህሩ ርዕሱን ራሱ ቢመርጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ውጤትም ይነሳል። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን የሰማ መምህር አንገቱን ደፍቶ ነው ክፍል የገባው። እናንተ ያን ሰሞን ምን አላችሁት?

ሰው ማማረር ከፈለገ አስር ደቂቃ ስጡት። ማማረር የታመቀውን ያወጣል፣ መከልከሉም ጥሩ አይደለም። ከዚያ ዳኛው ሰዓት አይቶ ወደ እጣው ይመልሳል። ዳኝነቱም በየወሩ ይዙር።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለን፦ የመምህር ስም አይጠራም። ድሬ ትንሽ ከተማ ነች። "አንድ የሒሳብ መምህር" በሉ፣ ይበቃል። ስሙ የተጠራ መምህር በሁለተኛው ቀን ለገሃር ላይ ይሰማዋል፣ ከዚያ ዳይሬክተሩን መቼም አያምነውም። እኛ ጋ አንዴ ተከስቷል። የወጣውን ወሬ መመለስ ስላልተቻለ ባልደረባችን ራሱ መምህሩ ጋ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቡድኑም ሕጉን ዳግም ተማምሎ ቀጠለ። የስብሰባውን ነገር ስልክ ላይም አትጻፉ፣ ቀጠሮ ብቻ።

ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረ ሰው ይደወልለት። ለመውቀስ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚቀረው አደርጋለሁ ያለውን ስላላደረገ አፍሮ ነው። "ሳታደርግም ና፣ ለምን እንዳልሆነ እሱኑ እንጠይቅሃለን" በሉት።

ዝውውርም ይመጣል። እኛ ባንድ ዓመት ሁለት ሰው ሄዶብናል፣ አንዷ ሐረር። የሄደው ሰው ቦታ በተተኪው ዳይሬክተር ሊሞላ ይችላል፣ ግን በግድ አይደለም፣ ከስድስቱ አንዱ ቀድሞ ሄዶ ያናግረው። ከገባ ደግሞ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ እጣ አይጣልም። ለእሱ ይሰጠዋል።