ካቻቪቴውን አስቀምጡት፦ በድሮ ስፌት መኪና ቦቢን ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጅማ ላይ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የዩኒፎርም ሥራ ይመጣል። በዚያ ሰሞን የድሮ ስፌት መኪናዎች ከየቤቱ ጥግ ይወጣሉ። አንዳንዱ የእናት ነው፣ አንዳንዱ የአያት። ጥቁር ሲንጀር አለ፣ የሻንጋይ ቢራቢሮ አለ፣ ስሙ ተፋቆ የጠፋም አለ። አቧራው ይጠረጋል፣ አዲስ ክር ይገዛል፣ አንዷ ልጅ ትቀመጥበታለች። አንድ ስንዝር ሳትሰፋ ከጨርቁ ስር የክር ጉንጉን ይወጣል። ወዲያው "ይሄ መኪና በቃ ሞቷል" ይባላል።

እነዚህ መኪናዎች እንዲህ በቀላሉ አይሞቱም። ስፌት የሚማሩ ልጆች አጠገቤ ተቀምጠው ይሠራሉ፤ የሰፈሩ ሰውም ክር የተተበተበበት መኪና ይዞ ይመጣል። የማየው ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ብረቱ ደህና ነው፤ የተሳሳተው የክሩ አገባብ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተሉትን እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ገና ሲበላሽ ብሎኗን ማዞር

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል፤ ከእሱ ልጀምር። ቦቢን የታችኛው ክር የሚጠነጠንበት ትንሹ ማጠንጠኛ ነው፤ የሚቀመጥበት ብረት ደግሞ የቦቢን ቤት ይባላል። በቦቢኑ ቤት ጎን ላይ ክሩን የምትጫን ቀጭን የብረት ሞላ አለች። እሷን የያዘች ትንሽዬ ብሎን አለች። ስፌቱ ሲበላሽ ሁሉም ካቻቪቴ አንስቶ እሷን ያዞራል። ግማሽ ዙር ያጠብቃል፤ አልሆነም። አንድ ዙር ያላላል፤ አሁንም አልሆነም። መጀመሪያ የት ላይ እንደነበረች ይረሳል። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው። ብሎኗ ጨርሳ ከወጣች ደግሞ ወለል ላይ መፈለግ ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነች ብዙ ጊዜ አትገኝም።

እባካችሁ፣ አትንኳት! ከጨርቁ ስር ክር ሲጎነጎን ጥፋቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የላይኛው ክር ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። መርፌው ሲወርድ የላይኛውን ክር ይዞ ይወርዳል። ታች ያለው መንጠቆ፣ ሹትል የሚባለው፣ ክሩን ይቀበልና በቦቢኑ ቤት ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ያዞረዋል። ከዚያ ከላይ ወጣ ገባ የሚለው ክር የሚስበው ብረት (ሳቢው) ወደ ላይ ይጎትተዋል። ላይ በማጥበቂያው ካልተያዘ ወይም ሳቢው ውስጥ ካልገባ፣ ዞሮ የመጣው ክር በደንብ የሚስበው አያገኝም። ስለዚህ እዚያው ታች ይከማቻል። እናንተ ታች ታዩታላችሁ፤ የታችኛው ክር ይመስላችኋል። የላይኛው ነው።

ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ላይ ቀይ፣ ታች ነጭ ክር አድርጉ። አቡጀዲ ላይ ጥቂት ስፉ። ከስር የተዝረከረከው ቀይ ከሆነ የላይኛው ክር ላልቷል። ነጩ ወደ ላይ ወጥቶ ከታየ ደግሞ የላይኛው ጠብቋል ወይም የታችኛው ላልቷል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ይህን ሳያደርግ ካቻቪቴ የሚያነሳ ሰው በግምት እየሠራ ነው።

የላይኛው ክር የሚላላው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ታስገባላችሁ። በአብዛኞቹ መኪናዎች እግሩ ሲወርድ የማጥበቂያው ሁለት ክብ ብረቶች ይገጥማሉ። ክሩ መሃላቸው አይገባም፤ ከላያቸው ይቀራል። እግሩን አንሱ፣ ክሩን ከጥቅሉ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡ፣ ከዚያ እግሩን አውርዳችሁ ስፉ። እግሩን ሳያወርዱ የሚሰፉም አሉ። ውጤቱ ያው ነው።

አንዲት ወጣት ያገለገለ መኪና ገዝታ እንዲሁ ክር ተጎነጎነባት። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደችው። "የቦቢኑ ቤት አልቋል፣ ይቀየር" አላት። ገዛች። አልሠራም። "እንግዲያው ሹትሉ ነው" አላት። እሱንም ገዛች። በመጨረሻ የመኪናውን ራስ በነጠላ ጠቅልላ እኔ ጋ መጣች። "ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ልግዛ?" አለችኝ። እግሩን አነሳሁ፣ ክሩን አወጣሁ፣ እንደገና አስገባሁ። ሰፋ። ልጅቷ ዝም ብላ አየችው። ያ ገንዘብ ለጨርቅ የያዘችው ነበር። ደግነቱ አሮጌውን የቦቢን ቤት አልጣለችውም፤ መልሰን ገጠምነው። ከአዲሱ የተሻለ ብረት ነበር።

ብሎኗን መንካት የሚፈቀደው መቼ ነው? ሁሉንም አጽድታችሁ፣ ሁለቱንም ክር እንደገና አስገብታችሁ፣ አሁንም ካልሆነ። ያኔም መጀመሪያ የወረቀት ጠርዝ ከሞላዋ ስር አሳልፉ። እዚያ የሚደበቅ የክር ብናኝ ብቻውን ስፌት ያበላሻል። ከዚያ ቦቢን ያለበትን ቤት በክሩ አንጠልጥሉት። ዝም ብሎ መንጠልጠል አለበት። እጃችሁን ትንሽ ነቅነቅ ስታደርጉ ጥቂት ወርዶ መቆም አለበት። ሳትነቀንቁት መሬት ድረስ የሚወርድ ከሆነ ላልቷል። ብትነቀንቁትም ካልወረደ ጠብቋል። ያኔ የብሎኗን ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት አድርጉና ከሩብ ዙር ያነሰ አዙሩ። እንደገና አንጠልጥላችሁ እዩ።

ቦቢኑን ገልብጦ መክተት

ቦቢኑ በሁለቱም በኩል ይገባል። ስለዚህ ሰው የተሳሳተ አይመስለውም። በትክክል የገባ ቦቢን ክሩ በስንጥቁ ከገባ በኋላ ወደ ኋላ ታጥፎ ከሞላዋ ስር ይሄዳል። ሳይታጠፍ በመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከሄደ ገልብጣችሁታል። በነዚህ በጥቁሩ ሲንጀርና በቢራቢሮው ዓይነት መኪናዎች ላይ ሌላ ማረጋገጫም አለ። የቤቱን ክፍት በኩል ወደ ራሳችሁ አዙሩና ክሩን ሳቡ። ቦቢኑ እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ መዞር አለበት።

ክሩ ከሞላዋ ስር ገብቶ በመውጫው በኩል መውጣቱን በጣታችሁ እየሳባችሁ አረጋግጡ። ስትስቡት ትንሽ መያዝ አለበት። ምንም የማይዝ ከሆነ ስር አልገባም።

"ክብ ነው፣ ይገባል" ማለት

አይገባም። ቢገባም አይሰፋም። የሲንጀር 15 ዓይነት መኪና ከ1879 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ቢራቢሮውና ሌሎች ብዙ መኪናዎች የእሱ ቅጂዎች ናቸው። የእነዚህ ቦቢን ሁለቱም ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቦቢኑ ከመርፌው አጠገብ ከላይ የሚገባባቸው እንደ ሲንጀር 66 ያሉ መኪናዎች ደግሞ ፊቱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ቦቢን ይፈልጋሉ። ስፋቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። የፋብሪካ ማሽን ቦቢን ቁመቱ ያጥራል፤ ቤቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም የቆዩት ረጅምና ቀጭን ቦቢን ያላቸው መኪናዎች ናቸው። የእነሱ ቦቢን የሚገባው ጀልባ በሚመስል ሹትል ውስጥ ነው።

ብዙ ሱቆች ሁሉንም አንድ ጣሳ ውስጥ ቀላቅለው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ የጅማው ሂርማታ ገበያም ሄዳችሁ መርካቶ፣ በቃል አትጠይቁ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን አቁማችሁ አስተያዩ።

አጠነጣጠን

ክር በእጅ አይጠነጠንም። በእጅ የተጠነጠነ አንዱ ቦታ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። ስፌቱም እንደዚያው አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ ይላል። መኪናው ራሱ ማጠንጠኛ አለው፤ ክሩን በማጠንጠኛው ትንሽ ማጥበቂያ አሳልፉ። ስታጠነጥኑ መርፌው እንዳይንቀሳቀስ መዘውሩ መሃል ያለውን ክብ ቁልፍ አላሉ። ስትጨርሱ ማጥበቅ እንዳትረሱ። "መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው አይንቀሳቀስም" ብለው መኪናውን ተሸክመው የመጡ ሰዎች አሉ፤ የረሱት ይህቺን ቁልፍ ነበር።

ቦቢኑን አፉ ድረስ አትሙሉ። ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ሲል አቁሙ። የሞላ ቦቢን ቤቱን ይነካል፣ መዞር ያቅተዋል፣ ክር ይበጥሳል። በቀዳዳው የወጣውን የመጀመሪያ ጭራ ከስሩ ቁረጡት። ትንሽ ክር ስለቀረ ብላችሁ ደግሞ በእሱ ላይ ሌላ ቀለም አታጠንጥኑ፤ አንሸራትቶ ይተበተባል። ያ ቅሪት ክር ለቁልፍ መስፊያ ይሆናል፤ አውጥታችሁ ሌላ ነገር ላይ ጠቅልሉት።

በግማሽ የገባ የቦቢን ቤት

ቤቱ ላይ ትንሽ ጣት አለች። እሷ በክቡ ሽፋን ላይ ካለው ክፍተት ውስጥ መቀመጥ አለባት። ስትገጥሙት ቀጭ ማለቱን ስሙ። ካልሰማችሁ አልገባም፤ መርፌውም ወርዶ ይመታውና ይሰበራል። ስታወጡና ስታስገቡ ፊቱ ላይ ያለችውን ምላስ ከፍታችሁ ያዙ። ምላሷ ተከፍታ እያለች ቦቢኑ አይወድቅም።

የታችኛውን ክር ሳያወጡ መጀመር

የላይኛውን ክር ያዙ፣ መዘውሩን አንድ ዙር ወደ ራሳችሁ አዙሩ፣ ሳቡት፤ የታችኛው ክር ተጎትቶ ይወጣል። ሁለቱንም ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝማችሁ ከእግሩ ስር ወደ ኋላ አድርጉ። በቃ።

የኋሊት መንዳት

በእግር መኪና ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አልቆጣባቸውም። እግር ገና ፔዳሉን አልለመደም። መዘውሩ ወደ ወዲያ ሲዞር ግን ክሩ ይቆለፋል፣ ይበጠሳል፣ አንዳንዴም መርፌ ይሰበራል። ለዚህ አዲስ ልጅ ሲመጣ ክር አልሰጠውም። እግሩን ያነሳል፣ ያለ ክርና ያለ ጨርቅ ይነዳል። ሁልጊዜ በእጁ መዘውሩን ወደ ራሱ አስነስቶ ነው እግሩን የሚያስከትለው። ልጆቹ መጀመሪያ ይሰለቻሉ። ግን ቺንጋው ያለማቋረጥ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ፊታቸው ሲፈካ ማየት ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ክር ማስገባቱን ቶሎ ይይዙታል።

መርፌን በተቃራኒ መግጠም

ቦቢኑ ላይ የሚላከክ ሌላ ጥፋት ነው። መርፌው በአንድ በኩል ረጅም ቦይ አለው፣ በሌላው ከላይ ጠፍጣፋ ነው። ክሩ የሚገባው ቦዩ ባለበት በኩል ነው። ከተገለበጠ መንጠቆው ክሩን አያገኘውም፤ ስፌቱ ይዘላል ወይም ጭራሽ አይያያዝም።

ዝገትና የምግብ ዘይት

ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ብረት እዚህ ቶሎ ይዝጋል። የዛገ ቦቢን ነጭ ጨርቅ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ክሩንም ይበጥሳል። አትሞርዱት፣ ጣሉት። ርካሽ ነው። የተጣመመ ቦቢንም እንደዚያው።

የምግብ ዘይት ግን ከዝገቱ በላይ ያሳዝነኛል። መኪናው "ደረቀብኝ" ተብሎ ከኩሽና ዘይት ይፈስበታል። ለጥቂት ቀን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ይደርቅና ይጣበቃል፤ የክር ብናኙን ይዞ ሹትሉ የሚዞርበት ቦታ ላይ ይደድራል። አንዲት እናት "ልጄ፣ ሽሮ ዘይት ብቻ ነበር ያደረግኩት" እያሉ አንድ መዘውሩ የማይነቃነቅ መኪና አምጥተውልኛል። በነጭ ጋዝ እየነከርን፣ በጥርስ ብሩሽ እየፈተግን ለቀቀ። የስፌት ማሽን ዘይት ውሃ የመሰለ ቀጭን ነው፤ ሹትሉ ለሚዞርበት ቦታ አንድ ጠብታ ይበቃል። ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ፤ ትርፉ እዚያ ይውጣ።

የቦቢን ቤት በእውነት የሚቀየርባቸው ጊዜያትም አሉ። ጣቷ ከተሰበረች፣ ሞላዋ ከተጣመመች፣ ወይም ለብዙ ዘመን ያለፈው ክር ብረቱን ቦርቡሮ ጥፍራችሁ የሚይዘው ቦይ ካወጣ፣ አዲስ ግዙ። በጥፍራችሁ ዳስሱት። ለስላሳ ከሆነና ጣቷም ሞላዋም ደህና ከሆኑ፣ ማንም ምንም ቢላችሁ አትቀይሩት።