ከሻጩ በላይ የምታውቁ ከሆነ እንዲህ ግዙ

መገናኛም ሂዱ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብቶ ሻጯን እንደ ተማሪ የሚፈትን ሰው አይጠፋም። "ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?" ይላል፤ የላፕቶፑ አንጎል የስንተኛ ትውልድ ምርት ነው ማለቱ ነው። መልሱን እኮ ያውቀዋል! እሷ ላፕቶፑን ዞር አድርጋ ተለጣፊውን ስታነብ እሱ ከጓደኛው ጋር እየተያየ ይስቃል። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ተቀጣሪ ናት፤ ዕቃውን ያስመጣችውም ዋጋውን የቆረጠችውም እሷ አይደለችም።

ስለዚህ የምታውቁትን አትጠይቁ፣ ራሳችሁ እዩት። "እህቴ፣ አንዴ ከፍቼ ልየው?" ካላችሁ ብዙ ጊዜ እምቢ የሚል የለም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ከአይ5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ 8250 ካለ 8ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ ጀነሬሽን ነው። ይሄ ዛሬ ለውጥ አለው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ያለውን ነው። ሻጩ "7ኛም ይሠራል" ቢላችሁ ዋሸኝ ብላችሁ አትነሱበት። ዊንዶውስ 11 በአቋራጭ ተጭኖበት ሲሠራ አይቶ ሊሆን ይችላል። "በይፋ ስለማይደገፍ በኋላ አፕዴት እንዳይቸግረኝ ብዬ ነው" በሉት፣ ለሚቀጥለው ደንበኛም ይነግረዋል።

ስልክ ከሆነ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል መትታችሁ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ያገለገለ አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪውን አቅም እዩ፤ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቡት። ካልተስማማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ሰው ፊት "ኮፒ ነው የምትሸጡት" ብሎ መጮህ ምን ያደርጋል? ጥርጣሬ ካላችሁ ባለቤቱን ለብቻው አናግሩት።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ሱቁ ጭር ሲል ሻጩን "ወንድሜ፣ የትኛው ነው ተመልሶ የሚመጣባችሁ?" በሉት። ይሄንን ዩቲዩብ ላይ አታገኙትም። የትኛው ሞዴል ማጠፊያው ቶሎ እንደሚላላ፣ የቱ ቻርጀር እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ስክሪኑ ቢሰበር ከተማው ውስጥ መለዋወጫ እንደማይገኝለት የሚያውቀው፣ የተበሳጨ ደንበኛ በየጊዜው ዕቃ ይዞ የሚመጣበት ይሄው ሰው ነው። ሲፈተን የዋለ ሻጭ ግን አይነግራችሁም፤ "ሁሉም አሪፍ ነው" ብሎ ይገላገላችኋል። እሱም ሰው ነው።

ዋጋ ላይ "አሜሪካ እኮ በዚህ ብር..." እያላችሁ ስልካችሁን ፊቱ ላይ አትደቅኑ። ምንዛሬውም ቀረጡም በእሱ እጅ አይደለም። "የመጨረሻ ስንት?" በቂ ነው። መቀነስ ካልተፈቀደለት ባለቤቱ ጋ ደውሎ ይጠይቅላችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ጋራንቲው ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ባትሪና ቻርጀር ይጨምር እንደሆነ ጠይቁና የዕቃውን መለያ ቁጥር ጨምሮ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ነገ ችግር ቢመጣ ሻጩም ለአለቃው የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።