በበረሃ ቅየሳ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

የበረሃ ቅየሳ ስህተት መስክ ላይ እያሉ አይታይም። ነጥቦቹ እርስ በርስ ይስማማሉ፣ ካርታውም ያምራል፤ ጉድለቱ የሚወጣው ቢሮ ከተገባ በኋላ ነው። በአቅራቢያ የሚያመሳክሩበት ቤንችማርክ (ከፍታው አስቀድሞ የታወቀ ቋሚ ምልክት) ስለማይገኝ ማረጋገጫውን ራሳችሁ ይዛችሁ መሄድ አለባችሁ።

የከፍታን መነሻ ማምታታት። ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ይህ ነው። የጂፒኤስ ሪሲቨር በመሠረቱ የሚያሰላው ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው ለስላሳ የሂሳብ ቅርጽ) በላይ ያለውን ከፍታ እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን አይደለም። ለመለወጥ እንደ ኢጂኤም2008 ካለ የጂኦይድ (አማካይ የባሕር ጠለልን የሚወክል ገጽ) ሞዴል፣ በቦታው ጂኦይዱ ከኤሊፕሶይዱ ያለውን የከፍታ ልዩነት ወስዶ ከንባቡ መቀነስ ነው። ምልክቱን ልብ በሉ፦ ሪሲቨሩ 412.30 ሜትር ሰጥቶ ልዩነቱ −6.80 ከሆነ መልሱ 419.10 ነው። −6.80ን የደመረ ሰው 405.50 ያገኛል፤ በ13.60 ሜትር ተሳስቷል ማለት ነው።

ቤዙን (በአንድ ነጥብ ላይ የሚቆመውን ሪሲቨር) በቅጽበታዊ ንባብ ማስነሣት። የቤዙ የጥቂት ሜትሮች ስህተት ሳይቀነስ ወደ ሮቨሩ (ይዘነው የምንዞረው ሪሲቨር) ነጥቦች ሁሉ ይተላለፋል። ቢያንስ ለሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ በስታቲክ፣ ማለትም ሪሲቨሩን ሳታንቀሳቅሱ፣ መዝግቡና በኋላ አስሉት። ነጥቡን አለት ላይ ትከሉ፤ የአሸዋ ክምር በዓመት ብዙ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

ድሮንን በቀትር ማብረር። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ለስላሳ አሸዋ አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚታይ ሶፍትዌሩ ከፎቶ ፎቶ የሚያዛምደው ነገር ያጣል፤ ገጽታው ላይ ክፍተት ወይም የሌለ ጉብታ ይፈጠራል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ነፋስ የሠራቸው ትንንሽ ሞገዶች ጥላ ይጥላሉ። የፎቶዎቹ መደራረብ በሁለቱም አቅጣጫ 80 በመቶ ይሁን። ቀጥታ ወደ ታች በተነሡ ፎቶዎች ብቻ የተሠራ ሞዴል መሐሉ ላይ ሊያብጥ ወይም ሊሰረጉድ ስለሚችል አጋድማችሁም አንሡ፤ የመቆጣጠሪያ ነጥቦችንም (መሬት ላይ ተለክተው በፎቶ የሚታዩ ምልክቶችን) ጠርዝ ላይ ብቻ ሳይሆን መሐልም አኑሩ። ነጭ ጨርቅ በነጣ አሸዋ ላይ ይጠፋል፤ ጥቁርና ነጭ ምልክት ተጠቀሙ፣ በድንጋይ ያዙት፣ ከበረራው በፊትም አሸዋ እንዳልሸፈነው እዩ።

የሳተላይት ከፍታን እንደ ልኬት መቁጠር። ኤስአርቲኤም (ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ የከፍታ መረጃ) የተመዘገበው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥቡ 30 ሜትር ገደማ ስፋት ስለሚወክል ትንንሽ ክምሮችን አይለይም። ለጉዞ ዕቅድ ግን ይበቃል።

ቶታል ስቴሽንን (በሦስት እግር ቆሞ ማዕዘንና ርቀት የሚለካውን መሣሪያ) አሸዋ ላይ እንዲሁ ማቆም። እግሮቹ ቀስ እያሉ ይሰምጣሉ፤ ሰፋፊ ጣውላ ከሥራቸው አድርጉ። የጋለ መሬት አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው ረጅም ንባቦችን በማለዳ ጨርሱ።

የመቆጣጠሪያ ነጥቦችን ሁሉ ለስሌት ማዋል። ጥቂቶቹን ከስሌቱ አውጥታችሁ ለማመሳከሪያ አስቀሩ።