የውርንጭላ ልብ ሲፈጥንና ሲዘገይ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ውርንጭላው ቆሟል፤ ግንባሩ ላይ ግን የደረቀ ወተት አለ። የባዝራዋ ጡት ግትር ብሎ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ያየ ብዙ ሰው «ጠግቧል» ብሎ ይሄዳል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ውርንጭላው ጡቱ ሥር ይቆማል እንጂ አይጠባም፤ ወተቱ ፊቱ ላይ እየፈሰሰ ነው። በዚህ ሰዓት ልቡን ያዳመጠ ሰው ምቱ እየጨመረ መሄዱን ያገኘዋል። እግሩ የሚከዳው ከሰዓታት በኋላ ነው።

አቆጣጠሩ

የልብ ማዳመጫው የሚያርፈው በግራ በኩል፣ ከክርኑ ጀርባ፣ በክርኑ ቁመት ነው። ውርንጭላው ተኝቶ ወይም ጸጥ ብሎ ቆሞ ሳለ 30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙ። ሮጦ ወይም ታግሎ ከሆነ 5 ደቂቃ ጠብቁት። አንድ ምት ሁለት ድምፅ አለው፤ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ጀማሪ እየለያየ ስለሚቆጥራቸው 90 የነበረው 180 ይሆንበታል። ማዳመጫ ከሌለ መዳፍን እዚያው ቦታ ላይ ማሳረፍ ይበቃል፤ የውርንጭላ ደረት ስስ ስለሆነ ምቱ እጅ ላይ ይሰማል።

እንደተወለደ ምቱ ከ60 እስከ 80 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለመቆም ሲታገል 120 እስከ 150 ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ፣ እረፍት ላይ ሳለ፣ ከ80 እስከ 100 አካባቢ መሆን አለበት። ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 እስከ 40፣ በፊንጢጣ የሚለካው ሙቀቱ ከ37.2 እስከ 38.9 ዲግሪ ነው። ድዱ ሮዝና እርጥብ ይሁን፤ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ይመለስ።

ሦስቱን፣ ማለት ምቱን፣ ሙቀቱንና ድዱን፣ በአንድ ደብተር ላይ ከነሰዓቱ ጻፉ። በመጀመሪያው ቀን በየ2 ሰዓቱ፣ ከዚያ እስከ 7ኛው ቀን በቀን 3 ጊዜ። አንድ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይነግራችሁም። ጠዋት 88፣ ቀትር ላይ 104፣ ማታ 126 የሆነ ምት ግን ውርንጭላው ገና ቆሞ ሳለ ሐኪም ያስጠራል።

ቦታውንም አስቡ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ እርጥብ ውርንጭላን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። ከሐረጎ በታች ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቀትር ላይ በቆርቆሮ የተሸፈነ ጋጣ ራሱ ሙቀቱንና ምቱን ይጨምራል። እዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ካገኛችሁ መጀመሪያ ጥላና ነፋስ ወዳለበት አውጡት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙት።

የሰው ስፖርተኛ በደረቱ የሚያስረውን የልብ ምት መለኪያ ቀበቶ የሚጠቀሙ አሉ። ምንም ካላነበበ ጸጉሩ ደርቋል ወይም ቀበቶው ላልቷል ማለት ነው፤ ጸጉሩን በውኃ አርሶ ማጥበቅ ነው። ድንገት እጥፍ ካሳየ ደግሞ መሣሪያው ከዋናው ምት ቀጥሎ የሚመጣውን የልብ ኤሌክትሪክ ሞገድ እንደ ሌላ ምት ቆጥሮታል። በጆሮ አዳምጡና የጆሯችሁን እመኑ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጸጉርና ጥቁር ቆዳ ላይ አይታመንም።

ምቱ ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ሲል

ጭራውን አንስቶ ያምጣል፣ ይንከባለላል፣ ሆዱን ዞሮ ያያል? የመጀመሪያው ጥቁር ፋንድያ አልወጣም። በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት፣ መውጣት ነበረበት። ለብ ያለ ውኃ ላይ ጥቂት ለስላሳ የገላ ሳሙና በጥብጡ (ኦሞ በፍጹም አይሆንም፣ አንጀቱን ያቆስላል)፤ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ጫፉ በቫዝሊን በተቀባ ለስላሳ ቱቦ፣ በፊንጢጣው በኩል፣ ሳትገፉ በራሱ ክብደት እንዲወርድ አድርጉ። አንዴ መድገም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ካልወጣ ወይም ሆዱ ከተነፋ ለሐኪም ነው።

የማያምጥ ከሆነና ግንባሩ ላይ ወተት ካለ፣ ርቦታል። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ መቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት፤ የባዝራዋ እንግዴ ልጅም በ3 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ከሁሉ የሚያሳስበው እንገሩ ነው። ውርንጭላ በሽታ መከላከያውን ከእናቱ ደም ሳይሆን ከእንገር ነው የሚያገኘው፤ አንጀቱ ይህን የሚቀበልበት በር ደግሞ በ24 ሰዓት ይዘጋል፣ በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 6 እስከ 8 ሰዓታት ነው። እንገሩን አልባችሁ በጡጦ ስጡት። ውርንጭላ የእናቱን ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ይመዝናል፤ 25 ኪሎ ለሚሆን ቢያንስ ከግማሽ ሊትር እስከ 1 ሊትር፣ በየሰዓቱ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር እየከፈላችሁ። ቆሞ ወይም በደረቱ ተኝቶ፣ አንገቱ በእናቱ ጡት ቁመት ሆኖ ይጠጣ። ራሱን ሽቅብ ቀና አድርጎ ማጠጣት ወተቱን ሳንባ ውስጥ ይከታል።

ምቱ ፈጥኖ ድዱ እንደ ሸክላ ከቀላ፣ እትብቱ ከረጠበ ወይም መገጣጠሚያው ካበጠና ከሞቀ፣ ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው። እዚህ ላይ ሁለት አባባሎች ብዙ ውርንጭላ ይገድላሉ። አንዱ «እናቱ ረግጣው ነው የሚያነክሰው» ነው፤ የሳምንት ውርንጭላ ሲያነክስ፣ ሌላ ምክንያት በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መነሳት ያዋጣል። ሌላው «ትኩሳት የለውም» ነው፤ በጠና የታመመ ውርንጭላ ሙቀቱ ልክ ሊሆን፣ ከልክ በታችም ሊወርድ ይችላል። ሕክምናው በዚያው ሰዓት የሚጀመር፣ በሐኪም የሚመረጥ አንቲባዮቲክና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ከበሬው የተረፈውን ኦክሲቴትራሳይክሊን አትውጉት፤ ፈሳሽ ያነሰውን ውርንጭላ ኩላሊት ይጎዳል። ለላቦራቶሪ ደም የሚወሰድ ከሆነም መድኃኒቱ ከመወጋቱ በፊት ይወሰድ። እትብቱን ከመነሻው በ0.5 በመቶ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ)፣ በመጀመሪያው ቀን 3 እና 4 ጊዜ መንከር ይህን ሁሉ ያስቀራል ባይባልም በእጅጉ ይቀንሳል።

የበቅሎ ግልገል ከሆነ ሌላም ነገር ተጠንቀቁ። ባዝራ ከአህያ ስታረግዝ ደሟ የግልገሉን ቀይ የደም ሴል እንደ ባዕድ ሊቆጥረው፣ መከላከያውንም እንገሯ ውስጥ ሊያከማች ይችላል፤ ይህ በበቅሎ ላይ ከፈረስ ይልቅ በብዛት ይታያል። ግልገሉ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፣ አጥግቦ ይጠባል፣ በ1 እና በ3 ቀን መካከል ግን ይደክማል፤ ድዱና የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ደሙ ስላለቀ ልቡ ይሮጣል። ወዲያው ከእናቱ ጡት አግዱት፤ አፉን በመረብ ሸብቡት፤ እሷን በየ2 ሰዓቱ እያለባችሁ ድፉት። ከ24 እስከ 48 ሰዓት የፍየል ወተት ይጠጣ። አታሯሩጡት፤ የቀረው ደም ለእረፍት እንኳ በጭንቅ ነው የሚበቃው። ምቱ እረፍት ላይም እየጨመረ ከሄደ ደም መቀበል ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም ይወስን። ባዝራዋ አንዴ ይህ ከደረሰባት ቀጣዩ ግልገል ሲወለድ እንገሩን ከሌላ ባዝራ አዘጋጁ።

ምቱ ከ60 በታች ሲሆን

ይህ ከፈጣኑ የባሰ ነው። የታመመ ውርንጭላ ምቱ ከ130 ወደ 55 ሲወርድ «ተረጋጋ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ልቡ እየደከመ ነው።

እንደተወለደ ካልተነፈሰ አፍንጫውን ጥረጉ፣ አንገቱን ዘርጉት፣ የታችኛውን አፍንጫና አፉን ዝጉና በላይኛው በኩል በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል ደረቱ እስኪነሳ ብቻ እፍ በሉ። ከ30 ሰከንድ በኋላ ምቱ ከሌለ፣ ወይም ከ50 በታች ሆኖ ካልጨመረ፣ ጠንካራ መሬት ላይ አጋድማችሁ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፤ ሌላ ሰው እፍ ማለቱን ይቀጥል።

የምቱ መዘግየት ቆይቶ የመጣ ከሆነ ለቴርሞሜትሩ ቅድሚያ ስጡ። ከ37 በታች ከሆነ በደረቅ ጆንያ አሹት፣ ጭድ አንጥፉ፣ በጋቢ ሸፍኑት፣ ለብ ያለ ውኃ የያዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎኑ አድርጉ። ቀዝቅዞ መጥባት ለተሳነው ወተት አታጠጡ። ስኳሩ ስለሚወርድ ጥቂት ማር ድዱን ቀቡት፤ ተራ ስኳር የውርንጭላ አንጀት በደንብ አይፈጨውም። የሰው ስኳር መለኪያ ከ60 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ካሳየ ግሉኮስ በደም ሥር ያስፈልገዋል።

ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ፣ እያማጠ ጥቂት ጥቂት ብቻ የሚሸና ከሆነ ፊኛው ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ ሆድ ውስጥ ሲፈስ ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ልቡን የሚያዘገየውና የሚያዛባው እሱ ነው። ለሐኪሙ ይህን ጥርጣሬ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ መስጠት ስለማይገባ። መፍትሄው ቀዶ ጥገና ነው፤ ግን የደሙ ጨው ሳይስተካከል ማደንዘዣ መስጠት ልቡን ሊያቆመው ይችላል።

በምቱ መሃል የሚነፍስ ድምፅ

በግራ በኩል «ሽ…» የሚል ድምፅ በመጀመሪያዎቹ 3 እና 4 ቀናት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማኅፀን ውስጥ ክፍት የነበረው የደም ሥር ገና እየተዘጋ ነው። ውርንጭላው እየጠባና እየዘለለ ከሆነ ጻፉትና ተዉት። ከሳምንት በኋላ ካለ፣ ከቀን ወደ ቀን ከጎላ፣ ወይም ጥቂት ሲራመድ ምላሱ ከጠቆረና ካለከለከ፣ የልቡ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። የሚለየው በአልትራሳውንድ ነው። በመድኃኒት የሚደፈን አይደለምና እንዲህ ያለው ውርንጭላ አድጎ ቢቆም እንኳ ልቡን ሐኪም ሳያይለት ጋሪ አይጠመድ።