ሌባንም እሳትንም የሚያዘገይ ካዝና፦ የጦር መሣሪያ ማስቀመጫ አመራረጥ

የጠሩኝ ቤቱ ከተቃጠለ ከስድስት ቀን በኋላ ነበር። ጣሪያው ወርዷል፤ ግድግዳው ጠቁሮ ቆሟል። ካዝናው ቀለሙ ተልጦ፣ የቁጥር መጫኛው ቀልጦ፣ በማዕዘኑ እንደቆመ ነው። በትራፓኖ በስቼ ቁልፉን ለቀቅኩት። በበሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ በሙቀቱ አብጦ ክፍተቱን ሁሉ ስለሞላው በሩን ለመሳብ ሁለት ሰው አስፈለገ። ውስጡ አልተቃጠለም። የጠመንጃዎቹ የእንጨት ሰደፍ እንደነበረ ነው። ብረቱ ግን ከአፈሙዝ እስከ ቃታ ዝገት ለብሷል። ባለቤቱ የአባቱን ጠመንጃ አንስቶ በእጅጌው ጠረገው። ዝገቱ በጨርቁ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ የታየው ብረት ተበልቶ ጎድጉዷል። ካዝናው እሳቱን ችሎ ነበር። ከእሳቱ በኋላ ምን እንደሚመጣ ለሰውዬው የነገረው አልነበረም።

ለ22 ዓመታት የካዝና ቁልፍ ስጠግን፣ የተዘጋውንም ስከፍት ኖሬያለሁ። (ካዝና ስል ጥይት የሚሞላበትን የመሣሪያውን ክፍል ሳይሆን መሣሪያው ራሱ የሚቆለፍበትን የብረት ሣጥን ማለቴ ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ደንበኛ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የማጣራው ይህንኑ ነው።) በእነዚህ ዓመታት የማይከፈት ካዝና አላየሁም፤ እሳት ጨርሶ የማይበግረውም አላየሁም። እያንዳንዱ ሌባን ለተወሰነ ደቂቃ ያቆያል፤ እሳትንም ለተወሰነ ደቂቃ ይመክታል። ስለዚህ ሻጩን «ጠንካራ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ስንት ደቂቃ፣ በምን ዕቃ ተሞክሮ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ወደ ሌላው እለፉ።

ከበሩ ጀምሩ። ሌባ ቁጥር በመገመት ጊዜውን አያጠፋም። ረጅም መፈልቀቂያ ብረት በበሩና በመቃኑ መካከል ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ላሜራው ቀጭን ከሆነ መቃኑ ይለጠጥና መቀርቀሪያዎቹ ሳይሰበሩ ከማረፊያቸው ሾልከው ይወጣሉ። አሥራ አራት መቀርቀሪያ ያለው በር በዚህ መንገድ ተከፍቶ አይቻለሁ፤ አሥራ አራቱም ደህና ነበሩ። ስለዚህ የመቀርቀሪያውን ብዛት ትታችሁ የሚያርፍበትን መቃን ተመልከቱ። ጠርዙ ድርብ ሆኖ የታጠፈ ነው? ብየዳው ሳይቋረጥ ዙሪያውን ይሄዳል ወይስ እዚህም እዚያም ነካ ነካ ተደርጓል? በሩን ክፈቱና መቀርቀሪያዎቹን አስወጥታችሁ በእጃችሁ ነቅንቋቸው። ከተንቀጫቀጩ የሚይዛቸው ብረት ደካማ ነው።

የላሜራ ውፍረት ብዙ ጊዜ በጌጅ ይነገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ላሜራው ይወፍራል። 14 ጌጅ 1.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 12 ጌጅ 2.7፣ 10 ጌጅ 3.4፣ 7 ጌጅ ደግሞ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እኔ ከ12 ጌጅ የሳሳ አልመክርም፤ አቅም ከፈቀደ 10 ጌጅ ይሻላል። የበሩ አጠቃላይ ውፍረት አያታልላችሁ። አንድ ዝርግ እጅ የሚያህል በር አብዛኛው ጂፕሰም (እሳትን ለመከላከል የሚደረደር ነጭ ሰሌዳ) እና የውስጥ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ክብደቱም እንዲሁ ነው፤ ከባድ የሆነው በብረቱ ነው ወይስ በጂፕሰሙ? እኔ ካሊፐር የሚባለውን የውፍረት መለኪያ ይዤ እሄዳለሁ። በካዝናው ወለል ላይ ለማሰሪያ ቡሎን የተበሳ ቀዳዳ ስላለ የላሜራውን እውነተኛ ውፍረት እዚያ ጠርዝ ላይ መለካት ይቻላል።

ከዚያ በበሩ ውስጠኛ ገጽ የተለጠፈውን የምርመራ ምልክት አንብቡ። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ መርማሪ ድርጅት ለቤት ካዝናዎች አርኤስሲ የሚል ደረጃ ይሰጣል። የመጀመሪያው እርከን ማለት አንድ ባለሙያ በመዶሻ፣ በመሮ፣ በካቻቪቴና በአጭር መፈልቀቂያ ለአምስት ደቂቃ ታግሎ አልከፈተውም ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ፤ ብረት የሚቆርጠው ግራይንደርም በዚያ ሙከራ ውስጥ የለም። የዚያው ድርጅት ቲኤል 15 እና ቲኤል 30 የሚባሉት ደረጃዎች ግን በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጭምር 15 እና 30 ደቂቃ የተፈተኑ ናቸው፤ ሰዓቱም የሚቆጥረው ዕቃው ካዝናውን እየነካ ያለበትን ጊዜ ብቻ ነው። ኢኤን 1143-1 የተባለው የአውሮፓ መስፈርት ደረጃውን ከ0 ጀምሮ ይቆጥራል፤ ቀለል ያሉት ካዝናዎች ኢኤን 14450 በተባለው ሌላ መስፈርት ኤስ1 እና ኤስ2 ይባላሉ። ጀርመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 ወዲህ አዲስ ለሚገዛ የመሣሪያ ካዝና ቢያንስ ደረጃ 0 ትጠይቃለች። የየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መሣሪያውን የፈቀደላችሁን አካል ጠይቁ።

እሳትን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወፍራም ብረት እሳትን ይከላከላል ብሎ በማሰብ ነው። ብረት ሙቀትን ያስተላልፋል እንጂ አያግድም። የሚያግደው በብረቱ ውስጠኛ ክፍል የተደረደረው ጂፕሰም ወይም በውስጡ የፈሰሰው ኮንክሪት መሰል ሙሌት ነው። ከጂፕሰም ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። ሙቀት ሲነካው ውሃው እንፋሎት እየሆነ ይወጣል፤ ይህ እስኪያልቅ ድረስ የካዝናው ውስጥ ብዙም አይግልም። ስለዚህ ጂፕሰሙ በስንት ድርብ እንደተሠራ ጠይቁ፤ በጣሪያውና በበሩም እንዳለ አረጋግጡ። ጎንና ጎኑን ሸፍነው በሩን የሚረሱ አሉ። በበሩ ዙሪያ ደግሞ በሙቀት የሚያብጠው ማሸጊያ ይኑር። እሱ ከሌለ ትኩስ ጋዝ በክፍተቱ ይገባል፤ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

እዚህም ቁጥር ጠይቁ። የዩኤል ክፍል 350 የአንድ ሰዓት ምልክት ያለው ካዝና 927 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆይቶ ውስጡ ከ177 ዲግሪ ያላለፈ ነው፤ ምድጃው እየበረደ ሳለም መለካቱ ይቀጥላል። ወረቀት ይህን ይችላል። የኮምፒውተር መረጃ የሚቀመጥባቸው ዲስኮች ግን ከ52 ዲግሪ በላይ ይጎዳሉ፤ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያለበትን ዲስክ ከጠመንጃ ጋር ማስቀመጥ ለዚህ አይበጅም። ብዙ የመሣሪያ ካዝናዎች የያዙት ምልክት አምራቹ ራሱ ያወጣው ነው። ይህ ብቻውን ውሸት አያደርገውም፤ ዲግሪውና ደቂቃው ሳይጻፍ «እሳት የማይበግረው» የሚል ቃል ብቻ ካለ ግን አትመኑት።

ቁልፉ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከሌባና ከእሳት ይልቅ ልጆች ናቸው። አንድ ጊዜ የአንድ ቤት ካዝና ባትሪ ስቀይር አባትየው «ልጄ ቁጥሩን አታውቅም» አለኝ። እሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ስምንት ዓመት የማትሞላ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ጣቷን ዘርግታ በአየር ላይ አራት ጊዜ ነካ ነካ አደረገች፤ ሁለቴ ከላይ፣ አንዴ ከመሐል፣ አንዴ ከታች። የአባቷን እጅ አይታ ነው የያዘችው። ወዲያው ቁጥሩን በስድስት አኃዝ እንዲቀይር፣ ሲከፍትም በአካሉ እንዲከልል ለመንኩት። እናንተንም እለምናለሁ። ከፋብሪካ የመጣውን ቁጥር በገዛችሁበት ቀን ለውጡ፤ የልደት ዓመት አታድርጉት፤ መጫኛውን በጨርቅ ጥረጉት፤ የጣት ወዝ የትኞቹን ቁጥሮች እንደምትነኩ ይናገራልና።

ከቁልፍ ዓይነቶች የሚሽከረከረው ሜካኒካል ቁልፍ ዘገምተኛ ነው፤ ዕድሜው ግን ረጅም ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። ኤሌክትሮኒኩ ፈጣን ነው። ባትሪው ቢያልቅ ቁጥሩ አይጠፋም፤ በደህናዎቹ ላይ ባትሪው ከውጭ ስለሚቀየር በዓመት አንዴ ቀይሩት። የጣት አሻራ በረጠበ ወይም በቆሰለ ጣት ይቸገራል። ትንንሾቹን ርካሽ የሽጉጥ ሣጥኖች አልወዳቸውም። ብዙዎቹ ከላያቸው በጡጫ ሲመቱ መያዣው ነጥሮ ይለቃል፤ ሌሎቹ ለመጠባበቂያ የተሠራ ቀላል የቁልፍ ቀዳዳ አላቸው። የመጠባበቂያ ቁልፍ ካለ ደግሞ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ የኮት ኪስና የመሳቢያ ግርጌ ልጅ ቀድሞ የሚፈትሻቸው ቦታዎች ናቸው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለ24 ጠመንጃ የተባለውን ለ12 ቁጠሩት። ማነጣጠሪያ መነጽር ያለው ጠመንጃ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ተጨናንቆ የገባ ደግሞ ሲወጣ ይፋቃል።

ካዝናው ምንም ያህል ቢከብድ ከወለል ጋር እሰሩት። ሁለት ጎበዞች በእጅ ጋሪ የማያወጡት የቤት ካዝና ጥቂት ነው፤ ገፍተው በጀርባው ከጣሉት ደግሞ መፈልቀቂያውን እንደልባቸው ይጫኑታል። በአራቱም ቀዳዳ ወደ ኮንክሪቱ ቡሎን አስገቡ፤ የተረፈውን ክፍተት እሳት በሚችል ማሸጊያ ድፈኑ። ማዕዘን ጥሩ ነው፤ መፈልቀቂያ የሚሰካበትን ቦታ ያጠብባል። ምድር ቤት ወይም የመጀመሪያው ወለል ከፎቅ ይመረጣል፤ የሚቃጠል ክፍል ከወለሉ አጠገብ ቀዝቀዝ ይላል፤ ፎቁ ቢደረመስም ካዝናው አብሮ አይወድቅም። ከማብሰያ ክፍልና ነዳጅ ከሚቀመጥበት አርቁት። ባዶ ኮንክሪት እርጥበት ስለሚያወጣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ።

መሣሪያው ባዶ ሆኖ ይግባ። የጎረሰ መሣሪያ በእሳት ሲግል ራሱ ይተኩሳል፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ እሳት ሊያጠፋ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥይቱን በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ አስቀምጡ። ልቅ ባሩድ ግን በምንም ዓይነት በጠበቀ ካዝና ውስጥ አይግባ፤ ታፍኖ ሲቃጠል ካዝናውን ራሱን ቦምብ ያደርገዋል።

ወደ እርጥበቱ ልመለስ። ጂፕሰም በደህናውም ጊዜ ጥቂት እርጥበት ይተነፍሳል። በውስጡ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ወይም በኤሌክትሪክ ለብ የሚል ዘንግ አስቀምጡ፤ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጨምሩበት፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ከሆነ ደህና ነው። መሣሪያውን በቆዳ ማኅደር ውስጥ እንዳለ አታስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱ ላይ ያቆየዋል።

ቤት ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ ያ እንፋሎት ሁሉ በጠመንጃዎቹ ላይ ጠል ሆኖ አርፏል። ካዝናው በእጅ እስኪነካ ድረስ ይብረድ፤ ትኩሱን ከከፈታችሁት አየር ገብቶ ወረቀቱ ሊነድ ይችላል። ከበረደ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ በዚያው ዕለት አውጡ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ።

ያ ባለቤት ጠመንጃውን ካስቀመጠ በኋላ ካዝናውን ዞሮ አየውና ቀለም አስቀብቶ ሊጠቀምበት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈታሁለትና ጂፕሰሙን በካቻቪቴ ጫፍ ነካ አደረግኩት። ነጭ ዱቄት ሆኖ በጫማችን ላይ ረገፈ።